የአጭር ሰው ምሽግ

ጋሽ ጥልቁ ከቆፈረው ቦይ ሲወጣ መሰላሉን ወዲያው አያነሣም። አፈሩን ከሱሪው ላይ ያራግፋል፣ አካፋውን በሣር ይጠራርጋል፣ ከዚያ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከኋላው የቀረ ሰው ያለ፣ ያ ሰው እስኪወጣም የሚጠብቅ ይመስላል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ለምደውታል። ቱቦ የሚበይደው ባልደረባው እንኳ፣ ቤቱ ሲቃጠል ቢያይ የሚቀልድበት የማያጣው ያ በያጅ፣ በመሰላሉ ነገር አይቀልድም። አንድ ቀን አዲስ የገባ ሠራተኛ ሊያነሣው ሲል እጁን ያዘና «ተወው፣ ገና አልወጣም» አለው። «ማን?» ብሎ ሲጠይቀው ግን በያጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ብየዳው ተመለሰ።

ቅጽል ስሙ ከሥራው የወጣ ነው። ለውሃ ቱቦ የሚቆፈር ቦይ እስከ ወገብ ከሆነ ይበቃል፤ ፎርማኑም የሚያዘው ይህንኑ ነው። የጋሽ ጥልቁ ቦይ ግን ወገብን አልፎ፣ ደረትን አልፎ ይወርዳል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አካፋ ብቻ ብቅ ጥልቅ ሲል ያያል እንጂ ቆፋሪውን አያይም።

«ጋሼ፣ ውሃ ነው የምትቀብረው ወይስ ሰው?» ይለዋል በያጁ።

«ውሃ ነው። ሰው የሚጠጣው ውሃ» ይላል ድምፁ ከታች።

«ቱቦ ፈንድቶ ልጠግን በወረድኩ ቁጥር እኮ መናዘዝ ሊያምረኝ ነው!»

ይሳቃል። ጋሽ ጥልቁም አብሮ ይስቃል። በቁመቱም ሲቀልዱበት አይከፋውም፤ «ብወድቅም አልጎዳ፣ ለመሬት ቅርብ ነኝ» ይላል። ፎርማኑ ግን በትሩን ወደ ቦዩ ሰዶ ይለካና ራሱን ይነቀንቃል። ሠርቶ አይጠግብ፣ አይሰርቅ፣ አይቀር፤ ምን ብሎ ይቆጣው?

በወጣትነቱ የዘመተበትን ጦርነት ዛሬ ሰው «ያለፈው ጦርነት» ይለዋል። እንደ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፍቶ ያለፈ ይመስል። እሱ ዘንድ አላለፈም። እሱ ዘንድ ያ ጦርነት ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚያድር እንግዳ ነው።

ያኔ ዛፉ ሁሉ ያለቀ ኮረብታ ላይ ሰፍረው፣ ከማዶው ኮረብታ ካለው ጠላት ጋር ተፋጥጠው ነበር። ሞት የሚመጣው በአግድም ነው፤ ከማዶ፣ ከፊት ለፊት። መድኃኒቱም አፈር ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ እያንዳንዱ እስከ ትከሻው ይቆፍር። መለኪያ አልተሰጠም፤ መለኪያው የገዛ ትከሻ ነው። ስለዚህ ሁሉም በየራሱ ቁመት ልክ ወደ መሬት ገባ፤ ረጅሙ የረጅም፣ አጭሩ የአጭር ጉድጓድ ኖረው። ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋላቸው ይመስል ነበር።

ከጎኑ የሚቆፍረው ጓደኛው ቀጭኔ ይባላል። ስሙ ለምን እንደወጣለት ያየው ሁሉ አይጠይቅም። ሌላው ጨርሶ ሲያርፍ ቀጭኔ ገና እኩሌታው ላይ ነው፤ ትከሻው ሩቅ ነዋ! ድካሙን በዘፈን ይወጣዋል። ድምፁ ከጉድጓዱ ሲወጣ ምድር ራሷ የምታንጎራጉር ይመስል ነበር፦

ቆፍር አካፋዬ፣ ቆፍር አደራህን፣
ሰማይ ከማያየው ደብቀው ጌታህን።

ወዲያ ማዶ ያሉት ጠላቶች እንኳ እሱ ሲዘፍን አይተኩሱም ይባል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አላረጋገጠም፤ ግን ሁሉም አምኖታል። ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ፣ ቁልቁል ወደ አጭሩ ጓደኛው እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግማል፦

ከአፈር ተሠርቼ ካፈር ስር ብሸሸግ፣
እናቴ ናት እንጂ መቼ ሆነ ምሽግ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በግራ በኩል የነበሩት ወደ ሌላ ግንባር ተጠሩ። ክፍተቱ እንዲሞላ ተብሎ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደ ግራ እንዲሄድ ታዘዘ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በወረቀት ላይ ቢሥሉት እንከን የለውም። አጭሩ ሰው ወደ ሌላ ሰው ምሽግ ገባ። ቀጭኔ ወደ አጭሩ ሰው ምሽግ ገባ። ገብቶም ቆመ፤ ከደረቱ በላይ ሜዳ ላይ ነው።

«አንተ! ይሄ ምሽግ ነው ወይስ ሰሃን?» ብሎ ሳቀ።

«ዛሬን ቁጭ በልበት። ጎህ ሳይቀድ መጥቼ አወርድልሃለሁ።»

«ጎህ ቢቀድምህስ?»

«ጎንበስ በላ!»

ጎህ ቀደመው። የጥይት ሣጥን ሲያመላልስ አድሮ፣ አካፋውን ይዞ ሲመለስ ሰማዩ ነጥቶ ነበር። ቀጭኔ በምሽጉ አፍ ላይ፣ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እንደተባለው ጎንበስ ብሏል። ምሽጉ የጎደለው አንድ ክንድ ነው፤ የዘፈን አንድ ስንኝ በምታህል ጊዜ የሚቆፈር አንድ ክንድ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ጥልቁ የቆፈረው ቦይ ሁሉ በዚያች ክንድ ይጠልቃል። ፎርማኑ ይህንን አያውቅም።

ሚስት ሲያገባ ረጅም ሴት አገባ። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የጨርቅ ሜትሯ እንደ ጌጥ ከአንገቷ አይወርድም። «ሚስት ነው ያገባኸው ወይስ መሰላል?» ብለው ያሾፉበት ነበር። እሷ ደግሞ «እኔ ከፍ ያለውን መስኮት እደርሳለሁ፣ እሱ የወደቀውን መርፌ ያነሣልኛል፤ ምን ጎደለን?» ትላቸው ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች። ልጅቱ በእናቷ ወጣች፤ መለሎ ሆነች።

እናት በየዓመቱ የልጇን ቀሚስ ጫፍ እየፈታች ስታስረዝም ደስታዋ አይጣል ነው። አባት ደግሞ መቀሱ የጫፉን ክር ቂው አድርጎ ሲቆርጥ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ የበሩን ከፍታ ያያል። በዓለም ላይ ያሉ ወላጆች ሁሉ ልጃቸውን «ቀና በይ» ይላሉ። እሱ ብቻ ነው «ጎንበስ በይ» የሚለው። በር ስታልፍ፣ መስኮት አጠገብ ስትቆም፣ ደረጃ ስትወጣ፦ «ጎንበስ በይ፣ መለሎዬ።» በሩ እኮ ከእሷ በላይ ነው! ልጅቱ አንገቷ ሊጎብጥ ሲል እናቷ ጣልቃ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ማጭድ ልታደርጋት ነው? ቁመት የሰጣት እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለ ከእኔ ጋር ተጣላ!»

ስለ ቀጭኔ ለሚስቱ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኛ ነበረኝ፣ ዘፋኝ ነበር፣ ሞተ። እሷም የቀረውን አልጠየቀችም፤ የተዘጋ መጋረጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ልጅቱ አድጋ የውትድርና አገልግሎቷን ፈጸመች፣ ተመለሰችና የመሬት ቅየሳ ሥራ ያዘች። መንገድ የሚያልፍበትን ቦታ በትንሽ ድሮን ከላይ እያነሣች ካርታ ታወጣለች። ስሟ ግን ከተጠባባቂ ጦር መዝገብ አልወጣም። ያ ስም እዚያ በሰላም ተኝቶ ሳለ ነው አገሩ ስለ ድንበር ማውራት የጀመረው።

መጀመሪያ ወሬው ጸጉር ቤት ገባ። ጋሽ ጥልቁ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለት ተቀምጧል። ከመደርደሪያው ላይ ሬድዮው ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ያናግራል። መኮንኑ ድምፁን ጠርጎ «ካለፈው ጦርነት የቀሰምነውን ትምህርት ለሚመጣው…» ሲል ጸጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን አየር ላይ አቆመ።

«ትምህርት ይላል እንዴ! ተፈትኖ የወደቀ እኮ ነው ያንኑ ክፍል የሚደግመው!»

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። ከእነሱ አንዱ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ የተቀመጠ፣ «ቆይ፣ ያለፈውን ያሸነፈው ማን ነበር? እኛ ነን ወይስ እነሱ?» አለ።

«አፈር» አለ ጋሽ ጥልቁ።

ጋዜጣ የያዘው ሰው ጋዜጣውን አጠፈ። ጸጉር አስተካካዩም ወደ መቀሱ ተመለሰ። መስታወቱ ውስጥ ከጋሽ ጥልቁ ወንበር ጀርባ፣ ከጸጉር አስተካካዩ ትከሻ በላይ፣ አንድ ረጅም ሰው ወረፋ እንደሚጠብቅ ቆሞ ታየው። ዞር ሲል ኮት መስቀያ ነው።

ተጠባባቂዎች እንዲዘጋጁ የሚለው ማስታወቂያ በሬድዮ የተነገረ ዕለት ጋሽ ጥልቁ ከሥራ ገብቶ ልብሱን ሳይለውጥ ጓሮ ወረደ። ከልብስ ማስጫው ገመድ እስከ አጥሩ ግንብ በእርምጃው ለካና የመጀመሪያውን አካፋ ከሚስቱ የጎመን መደብ ላይ ሰነዘረ።

«ጎመኔን! ኧረ ምን ነካህ፣ የልጄ አባት?»

«ምሽግ ነው።»

«ለማን? ለእኛ? ጦሩ ጎመን ሊበላ ነው የሚመጣው?»

«ለእሷ ነው። አይታ እንድትሄድ። እጇ እንዲያውቀው።»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ያልተነቀሉትን ጎመኖች አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር፣ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ። ባሏ አንድን ነገር ለልጁ መስጠት ሲፈልግ በእጁ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ እንደሌለው ታውቃለች። ልጇን የሚወስድባትን ጦርነት የምታስቀርበት አካፋ ግን እሷም የላትም፣ እሱም የለውም።

በየቀኑ ከሥራ መልስ ቆፈረ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ «ጋሼ፣ ነዳጅ አገኘህ?» ይሉታል። «ሲወጣ እጠራችኋለሁ» ይላቸዋል። ብቻውን ሲሆን ግን አካፋው የቀጭኔን ዘፈን ምት ይመታል፤ ከአካፋው ምት ስር ሌላ አካፋ የሚመልስለት ይመስለዋል። ቆም ይላል። ያም ቆም ይላል። ይቀጥላል። ያም ይቀጥላል። «ይበቃሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አፈሩን። ከዚያ አንድ ክንድ ይጨምራል።

ልጅቱ ለሥራ ከወጣችበት አገር ስትመለስ ምሽጉ አልቆ ጠበቃት። አባቷ እጇን ይዞ አወረዳት። ስትቆም አናቷ ከአፋፉ በታች ሆነ። ጋሽ ጥልቁ ከላይ ሆኖ አያት፤ ስትወለድ ካያት ቀን ወዲህ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም።

«አየሽ? ቀጥ ብለሽ ቆመሽ እንኳ አትታይም። ቀና በይ! ቀና በይ፣ መለሎዬ!»

«ቀና በይ» ሲላት የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ ተለወጠ። አንጋጣ ወደ ሰማዩ አየች፣ ያን ከላይ መክደኛ እንደሌለው ድስት አፍ የተከፈተውን ሰማይ።

«አባዬ፣ አንተ ግባ እስቲ። እኔ ልውጣ።»

«ለምን?»

«ላሳይህ።»

እሱ ገባ፣ እሷ ወጣች። ለቅየሳ የምትይዘውን ቦርሳ ከፍታ ድሮኗን አወጣች። እንደ ትልቅ ተርብ ጥዝ እያለ ተነሣ፣ ከጣራው በላይ ሆነ፣ ከዚያ ድምፁም ጠፋ። መቆጣጠሪያውን ጎንበስ ብላ ለአባቷ ወደ ታች አቀበለችው። ስክሪኑ ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። እናትየውም ከላይ ሆና አንገቷን አሰገገች።

የራሱን ቤት ጣራ አየ። የተሰጣውን አንሶላ አየ። በግቢው መሃል፣ በተገለበጠው አፈር ተከቦ፣ እንደ ጠባሳ የተጋደመ አንድ ጥቁር መስመር አለ። በመስመሩ ውስጥ የምታበራ ክብ ነገር።

«ያቺ የምታበራዋ ምንድን ናት?»

«ራስህ ናት፣ አባዬ። በራህ።»

«እኔ ሁልጊዜ የማየው ይሄንን ነው» አለች ሚስቱ ከላይ። «ዛሬ ገና አየኸው?»

ልጅቱ ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበርና ብርሃኗ አፈር በሚወጣበት በተዳፋቱ የምሽጉ ጫፍ በኩል ገብቶ እስከ ሌላኛው ጫፍ ተንጋሏል። ስክሪኑ ላይ ከበራው ሥር የሚነሣ አንድ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ረጅም ነገር በምሽጉ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ትከሻ አለው። አንገቱን ደፍቷል።

«ከጎኔ ያለው ማን ነው?»

«ማን?»

«ይሄ። ይሄ ረጅሙ።»

«ጥላህ ነው፣ አባዬ።»

«የእኔ ጥላ እንዲህ አይረዝምም» አለ።

መቆጣጠሪያውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከላይ፣ ከማይሰማበት ከፍታ፣ አንድ ዓይን ያየዋል፤ እሱም በዚያው ዓይን ራሱን ያያል። ሞት ምን እንደሚያይ ያየ ስንት ሰው አለ? ያን ሁሉ ዘመን ሞትን በአግድም ሲጠብቅ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ሲሸሸው ኖሯል። አሁን ሞት ወንበሩን ቀይሮ ሰማይ ላይ ተቀምጧል፤ ጥልቀቱም እንደ ገበታ አሰናድቶ ያቀርበዋል እንጂ አይደብቀውም።

«ያኔም አውሮፕላን ነበር» አለ በመጨረሻ፣ እንደ መከራከር ብሎ። «ስንሰማው እንገባ ነበር።»

«ይሄኛው አይሰማም፣ አባዬ። ስትሰማው መጥቷል። አንተ አጥፍተህ አይደለም። ያኔ ትክክል ነበር።»

እሱ ግን ስለ ጥፋት አልነበረም የሚያስበው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እናትና ልጅ መጀመሪያ የሚያጉረመርም መሰላቸው። ከዚያ ዜማው መጣ፣ ዕድሜ ያሻከረው፣ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣ፦

ቆፍር አካፋዬ፣ ቆፍር አደራህን፣
ሰማይ ከማያየው ደብቀው ጌታህን።

«ነግሮኝ ነበር እኮ» አለ። «ሰማይ ከማያየው ሲል ስንኝ መሙያ መስሎኝ ነበር።»

«ማን?» አለች ልጅቱ።

ያኔ ነገራቸው። ምሽጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ለአፈሩ ሰጥቶ፣ ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ትከሻው፣ ወደ ግራ ስለተሻገሩበት አመሻሽ፣ ስለ ሰሃኑ፣ ስለ አንዲቷ ክንድ ተናገረ። እናትና ልጅ አፋፉ ላይ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ተቀመጡ፤ አራት ረጃጅም እግሮች በራሱ ግራና ቀኝ ተንጠለጠሉ። ሲጨርስ የሰማዩ ቅላት እየደበዘዘ ነበር። ሚስቱ ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አወረደችና በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው።

«በሰው ልክ ነዋ የሞተው፣ የኔ ወንድም!» አለች፣ አይታው ለማታውቀው ሰው እያለቀሰች። «የሰው ቀሚስ አልብሰውት ነዋ!»

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ እንደ ሥራ ነገር አድርጋ ቀጠለች፦ «የኪራይ ቤት መጋረጃ ስሰፋ ከግርጌው ትርፍ አጥፌ ነው የምተወው። ቤት ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ፣ የሚቀጥለው መስኮት ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅማ። አጥፌ እተወዋለሁ። የሚቀጥለው ይፈታዋል።»

ጋሽ ጥልቁ ቀና ብሎ አያት። ስንት ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ነገር አልሰማም ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት ጓሮው ሌላ ሆነ። ልጅቱ ድሮኗን ታነሣለች፣ ከላይ ታያለች፣ «እዚህ ጋ ይታያል» ትላለች። አባት ይቆፍራል። ቀጥ ያለውን ምሽግ አጠማዘዙት። አዲሱን አፈር በደረቅ ሣር አለበሱት። ከጎን ሰው የሚጋደምበት ጎሬ አወጡ፤ የድሮ በርና የተጣለ ቆርቆሮ ከላይ አልብሰው አፈር መለሱበት። በጎሬው ልክ ላይ ግን አባት አልሸነፍ አለ። ልጅቱ ገብታ ተጋደመች፤ በቃት።

«ልክ ነው፣ አባዬ።»

«ልክሽ ነው። ከአንቺ የሚረዝም ቢመጣስ?»

«ከእኔ የሚረዝም!»

«ጨምሪ።»

ጨመረች። እሱ ከላይ ሆኖ አፈሩን ሲቀበላት አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከአካፋዋ ስር የሚመልስ ሌላ አካፋ የለም። የእሷ አካፋ ብቻውን ነው የሚመታው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ግን ፈራ። ያ ረጅም ሰው ከጓሮው ከሄደ ወዴት ሄደ?

ሁሉ ሲያልቅ ድሮኗ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያልታረሰ ጓሮ፣ የተሰጣ አንሶላና ሜትር በአንገቷ ያጠለቀች አንዲት ሴት ናት። «ባሌና ልጄ የት አሉ?» ብላ ወደ ሰማይ እጇን ዘረጋች ሴቲቱ፣ ለቀልድ። ከስክሪኑ ላይ ግን ቀልድ አይመስልም ነበር።

ጥሪው መጣ። አውቶቡስ መናኸሪያው በእናቶች ተሞልቷል። ጦርነት ይነሣ አይነሣ የሚያውቅ የለም። «ለመጠንቀቅ ነው» ይባላል፣ «ለማስፈራራት ነው» ይባላል፣ «ይታረቃሉ» ይባላል። እናትየው «ቀና በይ፣ የኔ መለሎ» ብላ ልጇን አቀፈች። አባት ተራው ሲደርስ ጆሮዋን ወደ አፉ እስክታወርድ ጠበቀ።

«ጎንበስ ልትለኝ ነው» አለች።

«አይደለም። ስሚኝ። ያዛውሩሻል። ቦታ ያቀያይሩሻል፣ ሁልጊዜ ነው። ሰው ወደ ቆፈረው በገባሽ ጊዜ ጓዝሽን ሳታወርጂ ቆመሽ ተለኪ። ከጎደለ ያኔውኑ። ጠዋት አትበይ። ጠዋት በሚባለው ነገር አትተማመኚ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ለአንቺ ብቻ ደግሞ አትቆፍሪ።»

«እሺ አልኩህ!» አለች፣ ድምፏ ሊሰበር ሲል በቁጣ ደግፋ። አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ በሩ በእርግጥ ዝቅተኛ ነበር፤ ግንባሯን መታት። ከመስኮቱ ውስጥ ግንባሯን እያሸች ሳቀችለት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጥልቁ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቦዩ ውስጥ ይዞት ይወርዳል። በያጁ አፉን ሰብስቧል። ጸጉር ቤት የሬድዮው መኮንን ትምህርት መቀሰሙን ቀጥሏል።

ስልኩ የጮኸው ጋሽ ጥልቁ ቦይ መቆፈር ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ ነው። የማያውቀው ቁጥር ነው። በጭቃ ጣቱ ላስቲኩን ቀደደው።

«አባዬ፣ በሰው ስልክ ነው። አዛወሩን። የት እንደሆነ አልነግርህም።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እስካሁን ምንም የለም፤ ዝም ነው። አባዬ፣ ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው አጭር ሰው ነበር መሰለኝ።»

ጋሽ ጥልቁ አካፋውን አፈሩ ላይ ተክሎ ተደገፈው። በያጁ ከላይ ፊቱን አይቶ የብየዳውን እሳት አጠፋ።

«እና?»

«ተለካሁ። ከወገቤ ትንሽ ነው ያለፈው። ጓደኞቼ ጠዋት እንጨርሰዋለን አሉ።»

«እና?»

«አልጠበቅንም። እያመሸ ወረድን። አጠማዘዝነው፣ አለበስነው። የእማዬንም ትርፍ ትቼለታለሁ፤ ከእኔ የሚረዝም ቢመጣ ይበቃዋል።»

«ከአንቺ የሚረዝም ደግሞ ማን አለ?» አለ፣ ሊቀልድ ብሎ።

«አንድ ሰው አለ ብለኸኝ የለ?» አለች። «ስንቆፍር እኮ አባዬ… ከእኛ አካፋ ሌላ አንድ አካፋ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ደክሞኝ ይሆናል። በል፣ ባለ ስልኩ እየጠበቀኝ ነው። እማዬን ሳምልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ጥልቁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሥራውን ቀጠለ። ቦዩ ወገብ ሲደርስ አካፋውን ወደ ላይ ወረወረ። ፎርማኑ በትሩን ሰደደና ለካ። ደግሞ ለካ። በትሩን አገላብጦ አየው፣ የተሰበረ እንደሆነ።

«ጋሼ፣ ታመምክ እንዴ?» አለ በያጁ። «ልክ እኮ ነው የቆፈርከው!»

«ለውሃ ይበቃል።»

ያቺ ስትጎድል የኖረች አንድ ክንድ ሌላ ቦታ፣ በሌላ እጅ ተቆፍራለች። እጁን ዘርግቶ በያጁን «መሰላሉን አምጣልኝ» አለው።

«ለዚች? እግርህን ካነሣህ ወጣህ እኮ!»

«ለእኔ አይደለም።»

በያጁ መሰላሉን አመጣና እዚያ በማያስፈልግበት ጥልቀት ውስጥ ደግፎ አቆመው። ጋሽ ጥልቁ ወጣ፣ አፈሩን አራገፈ፣ አካፋውን በሣር ጠራረገ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየ። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው መኪናው ላይ ወጥተው ጠበቁት። ሹፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ ሲል በያጁ እጁን ያዘው። ድሮ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር። አሁን ሁለት ሆነዋል፤ ሁለቱም ረጃጅሞች።